መዳብ፦ ለባክቴሪያ ስንቅም ነው፣ መርዝም ነው
(ፕሮቲኖች መዳብን እንዴት ይይዛሉ? እንዴትስ ያጓጉዛሉ?)

መግቢያ

መዳብን የማያውቅ የለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲላጥ ከውስጥ ብቅ የሚለው ቀዩ ነገር መዳብ ነው። ቀልሃውም፣ በ1969 ዓ.ም. የወጡት የ5 እና የ10 ሳንቲም ገንዘቦችም መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የተሠሩ ናቸው። ከእርጥበት ጋር ሲቆዩ አረንጓዴ ዝገት የሚያወጡትም በውስጣቸው ባለው መዳብ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ከቤታችንና ከደጃችን የምናየው ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን መዳብ በእኛም ሰውነት ውስጥ ያለ መሆኑ ነው። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ወደ 100 ሚሊግራም ገደማ መዳብ ይገኛል። በባክቴሪያም ውስጥ አለ። ያለ እርሱ አብዛኛው ሕይወት ያለው ነገር በደንብ አይተነፍስም። ይሁን እንጂ ይኸው መዳብ ትንሽ ሲበዛ ሕዋስን ይገድላል። አበው «ሲበዛ ማር ይመራል» ያሉት በመዳብ ላይ በትክክል ይሠራል።

ለመሆኑ ይህን ማወቅ ለአንድ ዕጩ መምህር ምን ይጠቅመዋል? ነገ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መዳብ ጀርም ይገድላል ይባላል፤ ታዲያ የታመመ ሰው ለምን በጥብጦ አይጠጣውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የጅል ጥያቄ አይደለም። የተሳሳተ መልስ ቢሰጠው ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት፣ ባክቴሪያም ሆነ የእኛ ሕዋስ መዳብን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝና እንደሚያጓጉዝ ማወቅ ያሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

1. መዳብ ለምን ያስፈልጋል? ለምንስ ይጎዳል?

የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው። የመዳብ አቶም ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል አይከብደውም። አንዱን ኤሌክትሮን ሲሰጥ ከአንድ ቻርጅ ወደ ሁለት ቻርጅ ይሸጋገራል፤ ሲቀበል ደግሞ ይመለሳል። ሕዋስ በኦክስጅን ሲተነፍስ የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም፣ ኤሌክትሮኖችን ለኦክስጅን የሚያስረክበው በውስጡ በያዘው መዳብና ብረት አማካይነት ነው። እንግዲህ ይህ ጠቀሜታው ነው።

ጉዳቱም ከዚያው ባሕርይ ይመጣል። መዳብ ባለቤት አጥቶ በሕዋሱ ውስጥ በነጻ ቢንቀሳቀስ፣ ኤሌክትሮኑን ለማይገባው ነገር ይሰጣል። ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ጎጂ ቅንጣት ይፈጥራል። ከዚህም የባሰ ሥራ አለው። ብዙ ኢንዛይሞች በውስጣቸው ብረትና ድኝ አንድ ላይ ተቋጥረው ይገኛሉ። መዳብ ድኝን እጅግ ስለሚወድ ብረቱን አስወጥቶ በቦታው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ እንዳሳየው፣ የመዳብ ዋና ጉዳት በነዚህ የብረትና የድኝ ቋጠሮዎች ላይ የሚደርሰው ነው። ኢንዛይሙ ብረቱን ሲያጣ ሥራውን ያቆማል፤ ሕዋሱም ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ማዘጋጀት ያቅተዋል።

ነገሩን በገጠር ኑሯችን በምናውቀው ብናስረዳው ይቀላል። ቤት ውስጥ እሳት ሲጠፋ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፣ «እሳት ጭረህ ና!» ይባላል። ያለ ፍሙ ምጣድ አይሰማም፣ ወጥም አይሠራም። ታዲያ ልጁ ፍሙን በባዶ እጁ ይዞ አይመጣም፤ በገል ላይ አድርጎ ነው። በመንገድም አንዲት ፍም ብትወድቅ ሣር ቤቱን ሁሉ ልታቃጥል ትችላለች። መዳብ ለሕዋስ እንደዚያ ፍም ነው። ፕሮቲኖቹ ደግሞ ገሉ ናቸው።

2. ፕሮቲን መዳብን በምን ይይዛል?

ፕሮቲን ማለት ብዙ አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው፣ በኋላም ተጠቅልለው የሚሠሩት ነገር መሆኑን በባዮሎጂ ትምህርታችን አይተናል። ከ20ዎቹ የታወቁ አሚኖ አሲዶች መካከል በተለይ ሦስቱ መዳብን ለመያዝ ያገለግላሉ። እነርሱም ሲስቴይን፣ ሜቲዮኒንና ሂስቲዲን ናቸው። ሲስቴይንና ሜቲዮኒን በድኛቸው ይይዛሉ፤ ሂስቲዲን ደግሞ በናይትሮጅኑ ይይዛል።

በሕዋስ ውስጥ መዳብን የሚሸከሙ ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ። «አጃቢ ፕሮቲኖች» ብንላቸው ይስማማቸዋል። ከነዚህ አንዱ ኮፕ-ዜድ ይባላል። ኢንቴሮኮከስ ሂሬ በተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኘው ኮፕ-ዜድ ወደ 70 ገደማ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። በአንድ ጫፉ ላይ ሁለት ሲስቴይኖች ተቀራርበው ይቆማሉ። አንዱ የመዳብ አዮን በሁለቱ ድኞች መካከል፣ በሁለት ጣት እንደተያዘ ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ዋናው ነጥብ መጣ። አጃቢው መዳቡን የሚያደርሰው «እንካ!» ብሎ ወርውሮ አይደለም። ተቀባዩ ፕሮቲን ጋ ሲደርስ ሁለቱ ይጠጋጋሉ። የተቀባዩ አንድ ሲስቴይን መዳቡን ይነካዋል፤ ለቅጽበት መዳቡ በሦስት ድኞች ይያዛል። ከዚያም የአጃቢው አንዱ ድኝ ይለቃል፣ የተቀባዩ ሁለተኛ ድኝ ይይዛል፣ በመጨረሻም አጃቢው ጨርሶ ይለቃል። በዚህ ርክክብ ጊዜ መዳቡ ለአንድ አፍታም ቢሆን ብቻውን አይቀርም። በአንድ በኩል ጠበቅ ብሎ ይያዛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በፍጥነት ይተላለፋል። ጠብቆ መያዝና ቶሎ ማስረከብ የሚቃረኑ ቢመስሉም፣ ምስጢሩ ይኸው ከእጅ ወደ እጅ ማሸጋገር ነው።

3. የኢ. ኮላይ የመዳብ ጥበቃ

ኢ. ኮላይ በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሲገኝ ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን ያመለክታል። ይህ ባክቴሪያ ሁለት ሽፋን አለው፤ ውስጠኛና ውጫዊ። በሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍል አለ። በዋናው ቤትና በአጥሩ መካከል እንዳለ ግቢ አድርገን ልናስበው እንችላለን። መዳብ የሚፈልጉት ኢንዛይሞቹ የሚሠሩት በሽፋኑ ላይና በግቢው ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ዋናው ቤት የገባ ትርፍ መዳብ በቶሎ መውጣት አለበት። ሥራው በሚከተለው አኳኋን ተከፋፍሏል።

ሀ) ጠቋሚው። ኪው-አር የተባለ ፕሮቲን በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ የመዳብ አዮን በሁለት ሲስቴይኖቹ መካከል ሲገባ የራሱ ቅርጽ ይለወጣል፤ የያዘውንም ዲ.ኤን.ኤ. ያጣምመዋል። በዚህ ጊዜ የማስወጫ ፕሮቲኖቹ ጂኖች መነበብ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች የዚህን ፕሮቲን ንቃት ሲለኩ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ሞል የ10 ኃይል 21ኛ እጅ አካባቢ ያህል ነጻ መዳብ እንኳ እንደሚቀሰቅሰው አገኙ።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? ስሌቱን አብረን እንሥራው። የአንድ ኢ. ኮላይ ይዘት ከአንድ ሚሊሊትር ወደ አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያንሳል። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ አንድ ነጻ የመዳብ አቶም ብቻ ቢኖር፣ መጠኑ በአንድ ሊትር ከአንድ ሞል ቢሊዮንኛ በላይ ይሆናል። ኪው-አር የሚቀሰቀሰው ግን ከዚህ እጅግ በጣም ባነሰ ነው። «ታዲያ ከአንድ ያነሰ አቶም አለ ወይ?» የሚል ቢኖር፣ የለም። ትርጉሙ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ በነጻ የሚዞር መዳብ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል የሚል ነው። ያለው መዳብ ሁሉ በአንድ ፕሮቲን እጅ ነው።

ለ) አስወጪው ፓምፕ። ኮፕ-ኤ ይባላል። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ እያቃጠለ መዳቡን ከቤት ወደ ግቢ ያስወጣል። የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ቅርጽ ሌጂዮኔላ ከተባለ ባክቴሪያ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገልጿል። በመተላለፊያውም ውስጥ ሲስቴይንና ሜቲዮኒን መዳቡን እየተቀባበሉ ያሳልፉታል።

ሐ) ለዋጩ። በግቢው ውስጥ ኪው-ኦ የተባለ ኢንዛይም አለ። ባለ አንድ ቻርጁን መዳብ ወደ ባለ ሁለት ቻርጅ ይለውጠዋል። ባለ ሁለት ቻርጁ ሽፋኑን አልፎ ተመልሶ ለመግባት ስለማይመቸው ጉዳቱ ይቀንሳል። ሆኖም ኪው-ኦ ያለ ኦክስጅን አይሠራም።

መ) ረጅሙ ቧንቧ። ኦክስጅን እንደ ልብ በማይገኝበት በአንጀት ውስጥስ ምን ይደረግ? ለዚህ የከስ ቡድን አለ። ከስ-ኤፍ የተባለው አጃቢ መዳቡን ከግቢ ለቅሞ ያመጣል። ከስ-ኤ፣ ከስ-ቢ እና ከስ-ሲ ደግሞ ሦስት፣ ስድስትና ሦስት ሆነው ተያይዘው ከውስጠኛው ሽፋን እስከ ውጭ የሚደርስ ቧንቧ ይሠራሉ። መዳቡ በዚያ ገብቶ ከአጥር ውጭ ይጣላል።

እነዚህን አራቱን ስናይ ባክቴሪያው መዳብን የሚቋቋመው በመጠንከር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። የሚቋቋመው መጠኑን ዐውቆ፣ ይዞና አድርሶ ነው። የመዳቡ ብዛት ከፕሮቲኖቹ አቅም ሲያልፍ ግን ጥበቃው ይፈርሳል። በንጹሕ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የመዳብ ቅልቅሎችን ባክቴሪያ የሚገድሉ ንጣፎች ብሎ መዝግቧል።

4. የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና የነጭ ደም ሕዋስ ፍልሚያ

እስካሁን ያየነው የአንጀት ባክቴሪያን ነው። ነገሩ ወደ ቤታችን የሚቀርበው ግን የሳንባ ነቀርሳን ስናነሣ ነው። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። ባክቴሪያው በአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከዚያ በፊት በሰፊው ያልታወቀ «ሰባተኛ የዘር ሐረግ» በኢትዮጵያ እንደሚገኝ ገልጿል። ይህ ዓይነት በብዛት የተገኘውም በወልዲያ አካባቢ ካሉ ታማሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ነው። ወልዲያ ደግሞ ከነፋስ መውጫ በወረታ–ወልዲያ መንገድ የምንገናኛት ጎረቤታችን ናት።

የነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ሲገባ፣ ማክሮፋጅ የተባለው ጀርም ዋጭ ነጭ የደም ሕዋስ ይውጠዋል። በውስጡም በከረጢት ዘግቶ ሊገድለው ይሞክራል። ለብዙ ዘመን የሚታወቀው አሲድና ሌሎች ኬሚካሎችን እንደሚጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ግን ሌላም መሣሪያ እንዳለው አሳየ። ይኸውም መዳብ ነው። ማክሮፋጁ ኤቲፒ-7ኤ በተባለ ፓምፕ መዳብን ወደ ከረጢቱ ያስገባል። ፍሙን በጠላት ቤት ላይ መጣል ማለት ይህ ነው።

የነቀርሳው ባክቴሪያስ ዝም ብሎ ይቃጠላል? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲኤስኦ-አር የተባለ መዳብ ጠቋሚ ፕሮቲን እንዳለው ታወቀ። መዳብ ሲይዝ ከዲ.ኤን.ኤ.ው ላይ ይነሣል፤ ሲቲፒ-ቪ የተባለ ፓምፕም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሚምቲ የተባለ፣ በሲስቴይን የበለጸገ ትንሽ ፕሮቲን ተገኘ። እርሱ እስከ ስድስት የመዳብ አዮኖችን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤምሲቲ-ቢ የተባለው የውጭ ሽፋን ፕሮቲን መዳብ እንዳይከማች እንደሚረዳ ተገለጸ። ይህ ፕሮቲን የተወሰደበት ባክቴሪያ በውስጡ መዳብ በዝቶበት፣ በሙከራ እንስሳት ላይ የነበረው የማጥቃት ኃይል ቀንሶ ታይቷል።

እንግዲህ በአንዲት ዓይን በማታያት ከረጢት ውስጥ የሚካሄደው ትግል በመዳብ ጭምር ነው። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። የሚያስደንቀው የሁለቱም ፓምፖች አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ነው። የሰው ኤቲፒ-7ኤ እና የባክቴሪያው ኮፕ-ኤ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው። በእኛ ላይ እነዚህ ፓምፖች ሲበላሹ ምን እንደሚደርስም ይታወቃል። ኤቲፒ-7ኤ የተበላሸበት ሕፃን መዳብን ከአንጀቱ ወደ ሰውነቱ ማስተላለፍ ስለሚሳነው በመንክስ በሽታ ይያዛል። ኤቲፒ-7ቢ የተበላሸበት ሰው ደግሞ መዳብ በጉበቱና በአንጎሉ ስለሚከማችበት በዊልሰን በሽታ ይሠቃያል። የሁለቱም በሽታዎች ጂኖች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አንዱን መዳብ ማነስ፣ ሌላውን መዳብ መብዛት ይጎዳዋል ማለት ነው።

5. ለተማሪው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «መዳብ ጀርም ከገደለ ለምን አይጠጣም?»

መልሱ፦ መዳብ ጀርምን ከሰው ለይቶ ስለማያውቅ ነው። ማክሮፋጁ መዳብን የሚጠቀመው በከረጢት ውስጥ፣ በልክና በቦታው ነው። ኮፐር ሰልፌት በጥብጦ የጠጣ ሰው ግን የራሱን ሆድ፣ ጉበትና ኩላሊት ያቃጥላል፤ ሊሞትም ይችላል። ሳንባው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አያገኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመዳብ ወሰን በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ነው። ስለዚህም ነው ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ጠላ ወይም ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር ባልተለበጠ የመዳብ ዕቃ ውስጥ ማቆየት የማይገባው፤ አሲዱ መዳቡን ያሟሟዋል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አለው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት። ለአዲስ ታማሚ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ በቀጣዩ አራት ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። «ሳሉ ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። መምህር ይህን ለተማሪውና ለወላጁ ደጋግሞ ቢነግር ከሳይንስ ትምህርቱ የማይተናነስ አገልግሎት ነው።

6. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ሀ) ቤተ ሙከራ ባለበት፦ የእንቁላል ነጩን በውሃ ቀጥኑት። ከዚያ 2 ሚሊሊትር በመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ አድርጉ። እኩል መጠን ያለው ባለ 10 ከመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩበት። ቀጥሎ ባለ 1 ከመቶ ኮፐር ሰልፌት ጥቂት ጠብታ አክሉ። ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ይህ የታወቀው የባዩሬት ሙከራ ነው። ቀለሙ የተለወጠው ፕሮቲኑ መዳቡን ስለያዘው ነው። በዚህ ሙከራ የሚይዘው የፕሮቲኑ ሰንሰለት ናይትሮጅን ሲሆን፣ በአጃቢ ፕሮቲኖች ግን ድኝ መሆኑን አስረዱ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል መምህሩ ራሱ ይያዘው።

ለ) ቤተ ሙከራ በሌለበት፦ ስምንት ተማሪዎች በመስመር ይቁሙ። አንድ ጠጠር በሁለት ጣት ብቻ ተይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ። ሕጉ አንድ ነው፤ ጠጠሩ በአየር ላይ አይጣልም፣ ቢያንስ የሁለት ጣት ድጋፍ ሳይኖረው አይቀርም። አንዱ ተማሪ «ኪው-አር» ይሁንና ጠጠር ሲደርሰው በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ፓምፕ ይሠራ!» ብሎ ይጻፍ። በሩ ላይ የቆመው «ኮፕ-ኤ» ጠጠሩን ተቀብሎ ያስወጣው። ከዚያ አስተማሪው በአንድ ጊዜ ሃያ ጠጠር ይስጣቸው። ጠጠሩ መሬት ላይ መርገፉ አይቀርም። ባክቴሪያ በመዳብ የሚሞተውም እንዲሁ መሆኑን ያን ጊዜ ማንም ልጅ ይገባዋል።

መደምደሚያ

«መዳብ ጀርም ይገድላል» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሙሉው እውነት መዳብ ተይዞ ሲሠራ ሕይወት፣ ተለቆ ሲቀር ሞት መሆኑ ነው። በባክቴሪያም በእኛም ሕዋስ ውስጥ ልዩነቱን የሚያመጡት፣ ሁለት ድኝ ዘርግተው የሚቀበሉና የሚያስረክቡ ፕሮቲኖች ናቸው። ግማሽ እውነት ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ተማሪውን ለአደጋ ያጋልጣል። እኛ ግን ሙሉውን ይዘን እንግባ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መዳብን ጠቃሚም ጎጂም የሚያደርገው የትኛው አንድ ባሕርይው ነው?
2. አጃቢ ፕሮቲን መዳቡን ሲያስረክብ ለምን በሦስት ድኞች መያዝ አስፈለገ?
3. ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ኪው-ኦ ሥራ ቢፈታ ኢ. ኮላይ በምን ይድናል?
4. የነቀርሳ ባክቴሪያ የኤምሲቲ-ቢ ፕሮቲኑን ቢያጣ ለማክሮፋጁ ምን ይቀልለዋል?
5. በአካባቢያችሁ «መዳብ መድኃኒት ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ሳታሳፍሩት በምን ቃል ታስረዱታላችሁ?